ራሱን የሚያዞር ጅብ፦ ተንሸራታቹ መሃል እየቆመ አስቸገረኝ

ከዚራ_ጀልባ
እሑድ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ ተቀምጦ ስለ ሸራ ጀልባ መጠየቅ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ሳቁና ጨርሱ፤ ከዚያ እርዱኝ።

4 ሜትር ከ30 የሆነች የኮምፔልሳቶ ጀልባ አለችኝ። ከጅቡቲ በአይሱዙ ጭኜ ነው ያመጣኋት። ሐረማያ ሐይቅ ውሃው ከተመለሰ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የደንገጎን ዳገት እየጎተትኩ እወስዳታለሁ። ሁለት ሸራ አላት። ትልቁ ከደቀሉ (ሸራው ከሚሰቀልበት ረጅም ምሰሶ) ኋላ ነው፤ ትንሹ ከፊት ነው። የፊተኛው ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ በእንግሊዝኛ ስሙ «ጅብ» ነው። አትሳቁ ብያለሁ።

ሸራ ጀልባ ወደ ንፋሱ በቀጥታ አትሄድም። አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እየተጠማዘዘች ነው የምትወጣው። በዞረች ቁጥር ደግሞ የጅቡን አንዱን ገመድ መልቀቅ፣ ሌላውን መሳብ ግድ ነው። እጄ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ መሪውን፣ አንዱ የትልቁን ሸራ ገመድ ይዟል። የምትረዳኝ የ9 ዓመት ልጄ ናት። እሷ ግማሹን ጊዜ ወፍ ትቆጥራለች።

ስለዚህ ጅቡ ራሱ እንዲዞር ፈለግሁ። ከደቀሉ ፊት፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ 80 ሳንቲ የአሉሚኒየም ሐዲድ አሰርኩ። በላዩ ፑሊ ያለው ተንሸራታች አለ። ገመዱ ከሸራው የኋላ ጥግ ወርዶ በተንሸራታቹ ፑሊ ያልፋል፤ ከዚያ ደቀሉ እግር ሥር ወዳለ ሌላ ፑሊ፣ ከዚያ ወደ እኔ። አንድ ገመድ፣ አለቀ። ጀልባዋ ስትዞር ተንሸራታቹ በራሱ ወደ ሌላው ጎን ይሮጣል ተብሎ ነው።

አይሮጥም። መሃል ላይ ድርቅ ይላል። ገመዱን በሳብኩ ቁጥር ይብሳል። ሸራው መሃል ላይ ተወጥሮ ይቀርና ጀልባዋ ትቆማለች። ቅዳሜ ዳር የቆሙ ልጆች «አባባ ውረድና ግፋት» አሉኝ። ምንድን ነው ያጠፋሁት?


ሸዋ_በር
እሑድ፣ ማታ 2፡44

አቦ ሐረር ላይ ጅብ ለማዞር ሐዲድ አያስፈልግም። ሥጋውን በእንጨት ሰክተህ ወደምትፈልግበት ጎን ማሳየት ነው። ማታ ፈላና በር ብቅ በልና ተማር።


ከዚራ_ጀልባ
እሑድ፣ ማታ 2፡46

ይሄ መልስ በስንት ደቂቃ ይመጣል ብዬ ሰዓት ይዤ ነበር። አራት ደቂቃ።


የድሮ_ምድር_ባቡር
እሑድ፣ ማታ 3፡20

ልጄ፣ ፈረንሳዮቹ «ፎክ» ነው የሚሉት። ጅቡቲ ወደብ ላይም ፎክ ነው። ራሱ የሚዞረው «ፎክ ኦቶቪረር» ይባላል። ፎክ በለውና የሐረሩ ሰውዬ ይተኛ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ተንሸራታች ያልከው ፉርጎ ነው፤ ሐዲድ ላይ የሚሄድ ነገር ሁሉ ለእኔ ፉርጎ ነው። ከፉርጎው ተነስቶ ገመዱ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው ብለሃል። ፉርጎው መሃል ሲሆን እስከ ደቀሉ ፑሊ ስንት ነው?


ከዚራ_ጀልባ
እሑድ፣ ማታ 3፡31

20 ሳንቲ ነው ጋሼ። ቦታ ስላልነበረ ሐዲዱን ደቀሉ ሥር አስጠጋሁት።


የድሮ_ምድር_ባቡር
እሑድ፣ ማታ 3፡35

ተገኘ። ሒሳቡን የሚችል ይጻፍለት። እኔ በጣት ነው የማውቀው።


ሳቢያን_መምህር
እሑድ፣ ማታ 4፡05

እሺ ጋሼ፣ ልሞክር።

ፉርጎው መሃል ሲሆን ከደቀሉ ፑሊ የሚርቀው 20 ሳንቲ ነው። የሐዲዱ ጫፍ ሲደርስ ደግሞ 40 ሳንቲ ወደ ጎን ወጥቷል። 20 በራሱ ሲባዛ 400፤ 40 በራሱ ሲባዛ 1600። ድምሩ 2000። የ2000 ሥር 44.7 ነው። ስለዚህ ፉርጎው ከመሃል ጫፍ እንዲደርስ ወደ 25 ሳንቲ ተጨማሪ ገመድ ይፈልጋል። ገመዱን ግን አንተ ጨብጠህ ይዘኸዋል። ከየት ያምጣው?

የተጎተተ ገመድ ሁልጊዜ አጭሩን መንገድ ይፈልጋል። አጭሩ መንገድ መሃል ነው። በሳብክ ቁጥር የሚብሰው ለዚያ ነው። ፉርጎው አልተበላሸም፤ አንተ ያዘዝከውን ነው እየሠራ ያለው።

አሁን ገመዱ ከፉርጎው ወደ ኋላ መሄዱ ይቅርና ወደ ፊት ይሂድ። የጅቡ የፊት ጥግ የታሰረበት፣ የጀልባዋ አፍንጫ ላይ፣ አንድ ፑሊ አድርግ። ከሐዲድህ እስከዚያ ስንት ነው?


ከዚራ_ጀልባ
እሑድ፣ ማታ 4፡09

150 ሳንቲ።


ሳቢያን_መምህር
እሑድ፣ ማታ 4፡21

መሃል ላይ 150። ጫፍ ላይ 155.2። ልዩነቱ ከ25 ሳንቲ ወደ 5 ሳንቲ ወረደ። ገመዱ አፍንጫው ላይ ዞሮ በጀልባዋ ጠርዝ ወደ አንተ ይመለስ። ረጅም መንገድ ነው፤ ግን ፉርጎውን ማንም መሃል ላይ አይዘውም።

ያቺን 5 ሳንቲም መግደል ከፈለግህ ሐዲዱን አጉብጠው። ማዕከሉ የአፍንጫው ፑሊ፣ ራዲየሱ 150 ሳንቲ የሆነ ቅስት። ያኔ ፉርጎው የትም ቢሆን ርቀቱ አንድ ነው። የሐዲዱ መሃል ከሁለቱ ጫፎች 5.4 ሳንቲ ወደ ኋላ ይሆናል ማለት ነው።


የጅቡቲ_ንፋስ
ሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

መምህር ትክክል ነው። እኔ የምሠራበት ጀልባ 10 ሜትር ነው፤ እዚያ ገመዱ ከፉርጎው ተነስቶ ደቀሉን ሽቅብ ይወጣል። ሁለት ሜትር ገደማ ላይ ፑሊ አለ፤ ከዚያ በደቀሉ ውስጥ ወርዶ ወደ ኋላ ይመጣል። ሐሳቡ ያው ነው፤ ገመዱ ከሩቅ ቦታ ከተሳበ የፉርጎው ወዲያ ወዲህ ማለት ርዝመቱን ብዙ አይለውጠውም። ከደቀሉ 20 ሳንቲ ርቆ ለተሠራ ሐዲድ ልዩነቱ 4 ሳንቲ ቢሆን ነው። ደቀል መብሳት ካልፈለግህ ግን የመምህሩ መንገድ ይሻላል። ቀጭን የአሉሚኒየም ደቀል ባትነካው ጥሩ ነው።

ስለ ፑሊው። በመጀመሪያ ዓመቴ ከአንድ ሱቅ ርካሽ ፕላስቲክ ፑሊ ገዛሁ። ፀሐይ ላይ ብዙ ወር ዋለ። ሐምሌ ላይ ያ ሞቃቱ ንፋስ፣ ኸምሲን የምንለው፣ ሲነሳ ፑሊው ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ገመዱ እንደ ጅራፍ ጆሮዬ አጠገብ አለፈ። የአፍንጫውን ፑሊ ደህና አድርገህ ግዛ። ገመዱ ዞሮ ስለሚመለስ የገመዱን ጉልበት እጥፍ የሚሸከመው እሱ ነው።


ጣና_ዳር
ሰኞ፣ ጠዋት 3፡50

እኛ ባሕር ዳር በደንገል ታንኳ፣ በአንድ ዘንግ፣ ያለ አንዳች ፑሊ እንሻገራለን። ዝም ብዬ ነው።


ከዚራ_ጀልባ
ሰኞ፣ ጠዋት 4፡02

ጣና ዳር፣ እኔም አንዳንዴ ዘንግ ያምረኛል። በተለይ ልጆቹ ሲስቁ።

መምህር፣ አሉሚኒየሙ አይጎብጥም። ሞከርኩት፤ ተሰነጠቀ። የመስኮት ሐዲድ ነበር፤ ልንገራችሁ አፍሬ ነው እንጂ።


የድሮ_ምድር_ባቡር
ሰኞ፣ ማታ 1፡30

የመስኮት ሐዲድ! ይህች ከተማ እኮ ባቡር ከደረሰባት ከ1902 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐዲድ የምታውቅ ናት። የዱሮው መስመር የአንድ ሜትር ስፋት ነበር፤ አዲሱ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ተኩል ነው። የመስኮት ግን አልነበረንም።

ስማኝ ልጄ። ስቴንለስ ቱቦ ግዛ፤ ዲያሜትሩ 25 ሚሊ፣ የደረጃ መደገፊያ የሚሠሩበት ዓይነት። አንድ ሜትር ይበቃሃል። ባዶውን ከታጠፈ ይሰረጎዳል፤ ስለዚህ አሸዋ ሙላው። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ተኝቷል፤ አሸዋ አትገዛም። ግን እርጥብ እንዳይሆን በምጣድ አድርቀው። ወንፊት ላይም አሳልፈው፤ ጠጠር ካለ ቱቦው ላይ ጉብታ ይሠራል። እየመታህ ጠቅጥቀህ ሁለቱን ጫፍ በእንጨት ወትፍ።

ከዚያ ሲሚንቶ ወለል ላይ ምስማር ምታ። ከምስማሩ 150 ሳንቲ ሲባጎ እሰር፤ ጫፉ ላይ ጠመኔ። ዙርና ቅስቱን ሳል። ቱቦውን ቀስ እያልክ እያጎበጥክ በጠመኔው ላይ አስተኛው። አንዴ ብዙ አትጫን። ትንሽ ጫን፣ አስተኛ፣ እይ። ስቴንለስ ወደ ኋላ የመመለስ ጠባይ አለው፤ ከመስመሩ ትንሽ አልፈህ ካላጎበጥከው ስትለቀው ተቃንቶ ታገኘዋለህ።

ለፉርጎው ቶርኖ ቤት ሂድ። ከናይለን የተቆረጠች፣ ቀዳዳዋ 26 ሚሊ የሆነች ቀለበት አስቆርጥ፤ ፑሊው በእሷ ላይ ይታሰር። ብረት በብረት ላይ አይንሸራተትልህም፤ ይጮሃል፣ ይነክሳል። ቀለበቷን የምታስገባት ግን ቱቦው እግሩ ላይ ከመበየዱ በፊት ነው። እኔ ወጣት ሳለሁ ስንቱን ነገር በይደን ጨርሰን ቀለበቱ ውጭ ቀርቶ መልሰን ቆርጠናል።

እና ዋናው። ጫፎቹ ዝቅ እንዳይሉ። የጀልባ ወለል መሃሉ ከፍ፣ ጎኑ ዝቅ ያለ ነው፤ ሐዲዱን በዚያው ካስተኛኸው ጫፎቹ ይወርዳሉ። ሸራው ደግሞ ከፊቱ ዘንበል ባለ ሽቦ ላይ ስለሚዞር ወደ ጎን ሲወጣ ጥጉ ከፍ ይላል። ሸራው ከፍ፣ ሐዲዱ ዝቅ ካለ ገመዱ ጫፍ ላይ ይጠብቅብሃል። ጫፎቹ ሥር የእንጨት ሽብልቅ አግባ፤ ቢያንስ ልኩን ይሁን፣ ትንሽ ከፍ ቢል ደግሞ የተሻለ።


ሳቢያን_መምህር
ሰኞ፣ ማታ 1፡52

ጋሼ በጣት ነው የማውቀው አሉ። እኔ ይህን ለ12ኛ ክፍል ለማስረዳት አንድ ሳምንት ይፈጅብኛል።


ከዚራ_ጀልባ
ሰኞ፣ ማታ 2፡10

ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ። ቱቦውን ነገ ቀፊራ አካባቢ እፈልጋለሁ። ወለሉ ላይ በምን ልሰረው? ምስማር ቢጤ ይበቃል?


የጅቡቲ_ንፋስ
ሰኞ፣ ማታ 2፡33

በፍጹም። ገመዱ ወደ ላይ ነው የሚጎትተው፤ ኮምፔልሳቶ ላይ የተነከሰ ነገር ተነቅሎ ይወጣል። ከላይ እስከ ታች የሚያልፍ ብሎን፣ ከሥር ሰፊ ሮንዴላ፣ ከሮንዴላው በፊት ደግሞ አንድ ቁራጭ ኮምፔልሳቶ፣ ከዚያ ዳዶ። ቀዳዳውን ከመግጠምህ በፊት በኤፖክሲ ቀባው፤ ውሃ ከገባ እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ከላይ ግን ምንም አይታይም።

ኃይሉን ገምት። ሸራህ 3 ካሬ ሜትር ነው እንበል። ንፋሱ በሰከንድ 8 ሜትር ቢሆን ሐረማያ ላይ ወደ 15 ኪሎ ይገፋዋል። ሐይቁ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ያው ንፋስ ጅቡቲ ላይ ከዚያ ይበልጥ ይገፋል። 15 ኪሎ ትንሽ ይመስላል። ንፋሱ እጥፍ ሲሆን ግን ኃይሉ አራት እጥፍ ነው፤ 60 ኪሎ ነው ማለት ነው። አንድ ሰው ሐዲድህ ላይ ተንጠልጥሎ አስብ።


መኪና_ግርግር_ስፌት
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡05

ቆይ ቆይ። 4 ሜትር ከ30 ጀልባ፣ ድሬ፣ ሴት ልጅ ይዞ የሚመጣ። ያንን ሸራ የሰፋሁት እኔ ነኝ!


ከዚራ_ጀልባ
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡11

ወላሂ? አንተ ነህ? እዚህ መድረክ ላይ ምን ትሠራለህ?


መኪና_ግርግር_ስፌት
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡40

እዚህ የምገባው የልብስ ስፌት መኪና ጥገና ለማንበብ ነው። ርዕሱ ላይ ጅብ ሲባል አይቼ ነው የገባሁት፤ ሐረሬ አይደለሁ?

ለማታውቁ፣ እኛ ሰፈር ስሙ ራሱ መኪና ግርግር ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ ስትገቡ በግራም በቀኝም ሲንጀር እየጮኸ ነው። እኔ ሱሪና ቀሚስ ነው የምሰፋው። ይህ ሰውዬ አንድ ቀን ሦስት ማዕዘን የተሳለበት ወረቀትና ጥቅል ሸራ ይዞ መጣ። ለድንኳን መስሎኝ ነበር። የሰጠኝን ወረቀት ነው የሰፋሁት፤ እንዳታሳብብብኝ።

ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ያኔም አፌ ላይ መጥቶ ነው የተውኩት። ወረቀቱ ላይ «ደቀል» ብለህ መስመር ስለህ ነበር። የሸራው የኋላ ጥግ ከዚያ መስመር ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ሸራው ወዲያ ወዲህ የሚያልፍ ከሆነ ጥጉ ደቀሉን አይመታውም?


የጅቡቲ_ንፋስ
ማክሰኞ፣ ማታ 12፡20

ሰፊው ከሁላችንም በልጦ አየ። ራሱን የሚያዞር ጅብ ከደቀሉ ማለፍ የለበትም፤ ሊጠጋውም አይገባም። ገመዱን ብታስተካክልም ጥጉ ደቀሉ ላይ ይያዝብህ ነበር። ጥጉ ከሐዲዱ በላይ መዋል አለበት።


ከዚራ_ጀልባ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡00

ለካ። አሁን ወጥቼ ለካሁት። ጥጉ ከደቀሉ 6 ሳንቲ ነው። ፑሊውና ቋጠሮው ሲጨመር ምንም አይቀርም። በስንት ትቆርጥልኛለህ?


መኪና_ግርግር_ስፌት
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡08

በነጻ። ግን ክሩንም እንቀይረው። ባለፈው ያመጣህልኝ የጥጥ ክር ነው፤ እኔም ዝም አልኩ። ጥጥ ፀሐይና ውሃ ሲፈራረቅበት ይበሰብሳል። ፖሊስተር ነው የሚያዋጣው። የእኔ መኪና ዚግዛግ አይሰፋም፤ ጎረቤቴ ጋር አለ። ሸራ ሲወጠር ቀጥ ያለ ስፌት ይበጠሳል፤ ዚግዛጉ ትንሽ ይለጠጥለታል። ጥጉ ላይ ሦስት ድርብ እጨምርልሃለሁ።


የጅቡቲ_ንፋስ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡30

ጥጉ ላይ አንድ ቀለበት ብቻ አታድርጉ። ሁለት መዳፍ የምታክል የአሉሚኒየም ሰሌዳ ይሰፋበት፤ ላይዋ ከታች ወደ ላይ አራት አምስት ቀዳዳ። ሐዲዱ እንደተራው ሸራ ወደ ፊት ወደ ኋላ ስለማይሄድ የገመዱን አቅጣጫ የምትቀይረው በቀዳዳው ነው።

አለካኩ ቀላል ነው። ገመዱ ከፉርጎው ወደ ቀዳዳው የሚሄድበትን መስመር በዓይንህ ሸራው ላይ ቀጥለው። የፊተኛውን ጠርዝ አጋማሹ አካባቢ ቢነካው መልካም። ከዚያ በላይ ከነካ የኋላው ጠርዝ በጣም ተወጥሯል፤ ዝቅ ያለ ቀዳዳ ሞክር። ከታች ከነካ የሸራው የታች ጠርዝ ተወጥሮ ላዩ ይርገበገባል፤ ከፍ ያለ ቀዳዳ ሞክር። ከመሃለኛው ጀምር። ንፋስ ሲበረታ ላዩ ትንሽ ቢከፈት ጥሩ ነው፤ ጀልባዋ ብዙ አትዘነብልም።


ከዚራ_ጀልባ
ቅዳሜ፣ ማታ 2፡15 (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ይኸው ዜና።

ቱቦውን ለማጎበጥ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የመጀመሪያው ቱቦ ተሰረጎደ፤ አሸዋውን በደንብ አልጠቀጠቅኩትም። ሁለተኛው ጠመኔው ላይ ልክ ተኛ። ቀለበቷን ሳላስገባ እግሩን ልበይድ ስል የጋሼ ነገር ትዝ አለኝና ከበያጁ እጅ ነጠቅኩት። ሽብልቁን ከዋንዛ እንጨት ሠራሁት።

ዛሬ ሐረማያ ንፋሱ ከሰዓት በኋላ ነው የተነሳው። የመጀመሪያውን ዙር ስዞር እጄ በልማድ የጅቡን ገመድ ፍለጋ ሄደ። የሚለቀቅ ነገር የለም። መሪውን ገፋሁ፤ አፍንጫዋ በንፋሱ አለፈ፤ ሸራው አንዴ ተርገበገበ፤ ከዚያ ፉርጎው «ጠቅ» ብሎ ሌላው ጫፍ ላይ አረፈ። ልጄ «አባ፣ ማን ነው የገፋው?» አለችኝ። አሥራ አንድ ጊዜ ዞርን። አንዴም አልቆመም። ጫፎቹ ላይ የብስክሌት ጎማ ውስጠኛውን ቆርጬ ጠቅልያለሁ፤ ጠቅታው ግን አለ። ይኑር፤ ወድጄዋለሁ።

አንድ የከፋ ነገር። ዳር ለመመለስ ንፋሱን ከጎን ይዤ ገመዱን ሳላላ ጅቡ እንደ ሰነፍ ተማሪ ነው። ፉርጎው ጫፍ ደርሶ ይቆማል፤ ጥጉ ሽቅብ ይነሳል፤ የሸራው ላይኛው ግማሽ ይርገበገባል። በሁለት ገመድ ሳለ እንዲህ አልነበረም።


የጅቡቲ_ንፋስ
ቅዳሜ፣ ማታ 2፡50

እንኳን ደስ አለህ። እሱ የዕድሜ ልክ ጠባዩ ነው። ንፋሱን ወደ ፊት ይዘህ ስትጠማዘዝ የሚደርስበት የለም፤ ንፋሱ ከጎን ሲሆን ግን 40 ሳንቲ ወደ ጎን መውጣት አይበቃውም። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ይተወዋል። እኔ አልተውም፤ አንድ አጭር ገመድ ጫፏ ላይ መንጠቆ አድርጌ የሸራውን ጥግ ወደ ጀልባዋ ጠርዝ፣ ወደ ታችና ወደ ውጭ እስባለሁ። ላዩ ወዲያው ይዘጋል። ከመዞርህ በፊት ግን አውልቀው፤ ከረሳኸው ጅቡ ያንኑ ጎን ይዞ ይቀራል።

ሌላም አለ። ልጅቷን ምሳ ለማብላት ጀልባዋን ማቆም ብትፈልግ፣ በሁለት ገመድ ጊዜ ጅቡን በተቃራኒው ጎን ይዘህ ትቆም ነበር። አሁን ያመልጥሃል። ፉርጎውን ንፋሱ በሚመጣበት ጫፍ ላይ የምታስርበት ቁራጭ ገመድ በሁለቱም ጎን አዘጋጅ።


የድሮ_ምድር_ባቡር
ቅዳሜ፣ ማታ 3፡10

ጎበዝ። ናይለኗን በየወሩ እያት። ከተበላች ፉርጎው መወላገድ ይጀምራል። ቅባት እንዳትቀባ፤ አቧራ ይይዛል። ውሃ ብቻ።


ሸዋ_በር
ቅዳሜ፣ ማታ 3፡14

ጅቡ ተገራ ማለት ነው። እኔ ግን አሁንም በሥጋው እጸናለሁ።


መኪና_ግርግር_ስፌት
ቅዳሜ፣ ማታ 3፡40

ስፌቱስ? ማንም ስለ ስፌቱ አልተናገረ።


ከዚራ_ጀልባ
ቅዳሜ፣ ማታ 3፡44

አንድ ክር አልተነቀነቀም። ለምን መጥተህ አታየውም?


መኪና_ግርግር_ስፌት
ቅዳሜ፣ ማታ 3፡47

መዋኘት አልችልም እኮ።


ከዚራ_ጀልባ
ቅዳሜ፣ ማታ 3፡49

መንሳፈፊያ ጃኬት አለኝ፤ ለአንተ የሚሆን። በሚመጣው ቅዳሜ ዐወዳይ ስትደርስ ደውልልኝ፤ መንገድ ላይ እወስድሃለሁ። ደህና ጫማ አታድርግ፤ ዳሩ ጭቃ ነው።